የብልት ፈንገስ መድኃኒት እምቢ ሲል፦ ለእህቶቼ የተዘጋጀ ትምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የማነሳው ርዕስ በእህቶች ሐለቃችን ላይ ጮክ ተብሎ ተነስቶ አያውቅም። ሐለቃው ሲያልቅ ግን፣ ጫማችንን ከምናስቀምጥበት መደርደሪያ አጠገብ፣ አንዷ ጠጋ ትልና «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» ትለኛለች። ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰው እንዳይሰማ ዙሪያዋን ታያለች። ገና ሳትጀምር ጥያቄዋን አውቀዋለሁ። ብልቷን ያሳክካታል፣ ነጭ ፈሳሽ አለባት። መድኃኒት ገዝታ ተጠቅማለች። ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። ወይም ጭራሽ አልሄደም። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «ሶላቴስ?»

እኔ በእንግሊዝ አገር በፋርማሲ ባለሙያነት እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ግን በሙያዬ ብቻ አይደለም፤ እኔም አልፌበታለሁ። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለጥርስ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። በሳምንቱ ማሳከክ ጀመረኝ። ክሬም ገዛሁ፤ ቀለል አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ሌላ ክሬም ገዛሁ። ከዚያ የሚዋጠውን ካፕሱል። ከዚያ እንደገና ያንኑ። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። ንጹሕ ያልሆንኩ እየመሰለኝ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በሳሙና እታጠብ ነበር፤ ሕመሙ ባሰ። ያን ዓመት ተራዊሕ ላይ መቀመጥና መቆም ስላቃጠለኝ ቤት ቀረሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። «ይሄ ያገባች ሴት በሽታ ነው» ሲባል እሰማ ስለነበር፣ ምን ታስብብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

በመጨረሻ አንዲት ነርስ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «እስካሁን ናሙና ወስዶ የመረመረሽ ሰው አለ?» ማንም አልነበረም። ውጤቱ ሲመጣ ፈንገሱ የተለመደው ዓይነት አልነበረም። ለስምንት ወር የገዛሁት መድኃኒት በደንብ የማይሠራበት ዓይነት ነበር። መድኃኒቱ ተቀየረ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለኝ።

የዛሬው ትምህርት ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው፦ ሕመሙ ካልሄደ ወይም ከተመላለሰ ያንኑ መድኃኒት ደግመሽ አትግዢ፤ መጀመሪያ የሕመሙን ማንነት እወቂ።

ሐያእ ከመጠየቅ አይከለክልም

ሐያእ የኢማን ክፍል ነው፤ በዚህ ጥርጥር የለም። ነገር ግን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ዓይነ አፋርነት ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ሴት በሕልሟ ስለሚያጋጥማት ነገር ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ባለበት ጠይቃለች። እነዚህ ሴቶች ሐያእ የጎደላቸው አልነበሩም፤ ከኛ የበለጠ ነበራቸው።

ከሁሉም በላይ ለዛሬው ርዕሳችን የሚቀርበው የፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ደሟ አልቆም ስላላት ሶላት ልተው ወይ ብላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። እርሳቸውም በመጀመሪያ የደሙን ማንነት ለዩላት፦ ይህ ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ አይደለም አሏት። ሑክሙን የነገሯት ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩን ሳይለዩ መፍትሔ መስጠት አይቻልም። በፊቅህም፣ በሕክምናም መንገዱ አንድ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከምም አዘውናል፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ ፈውሱንም እንዳወረደ ነግረውናል። ስለዚህ ምርመራ መሄድሽ የተወኩል መጉደል አይደለም።

ይህ ሕመም ምንድን ነው?

ካንዲዳ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ አለ። በብዙ ጤነኛ ሴቶች ብልት ውስጥ በትንሽ መጠን ያለ ምንም ችግር ይኖራል። ምልክት ከሌለ መታከም አያስፈልገውም። ከልክ በላይ ሲበዛ ግን ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ያቀላል፣ ያሳብጣል። ሽንት ሲነካው ያንገበግባል። ብዙ ጊዜ እንደ አይብ የተቆራረሰ፣ መጥፎ ሽታ የሌለው ነጭ ፈሳሽ አብሮት ይመጣል።

ከአራት ሴቶች ሦስቱ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያጋጥማቸዋል። ተመላላሽ የሆነው ዓይነት ደግሞ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 138 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶችን እንደሚያጠቃ ተገምቷል። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም።

አንድ ነገር ደግሞ እናቶቻችንም አባቶቻችንም እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ። ይህ ሕመም የአባላዘር በሽታ ተብሎ አይመደብም። ወንድ ነክቷት የማታውቅ ልጅም ይይዛታል። የጉርምስና ሆርሞን ከጀመረበት ዕድሜ አንሥቶ ማንኛዋም ሴት ሊያጋጥማት ይችላል። ልጅ «ያሳክከኛል» ስትል በጥርጣሬ ዓይን ማየት በደል ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም እንድትል ማስተማርም ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

መድኃኒት እምቢ ሲል ብዙዎቻችን ወዲያው «መድኃኒቱን ተላምዷል» እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ከዚያ በፊት በቅደም ተከተል መመለስ ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

1ኛ) በእርግጥ ፈንገስ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ራሳቸው ገምተው የፈንገስ መድኃኒት የገዙ ሴቶችን መርምሮ ነበር። ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ከሦስት አንዷ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሌላ ነገር ወይም ቅልቅል ነበረባቸው፤ ምንም ያልተገኘባቸውም ነበሩ።

ፈንገስ የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች ብዙ ናቸው። ፈሳሹ ቀጠን ያለና ግራጫ ሆኖ የዓሣ ዓይነት ሽታ ካለው፣ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለው የባክቴሪያ መዛባት ሊሆን ይችላል፤ የፈንገስ መድኃኒት አይነካውም። ሳሙና፣ ሽቶ ያለው ሞዴስ ወይም እርጥብ መጥረጊያ ወረቀትም ቆዳን አስቆጥቶ ልክ እንደ ፈንገስ ያሳክካል። ኤክዚማና ሌሎች የቆዳ ሕመሞችም እዚያ ቦታ ይወጣሉ። በእነዚህ ሁሉ ላይ የፈንገስ ክሬም መቀባት ጊዜ ማባከን ነው፤ አንዳንዴም ክሬሙ ራሱ ያቃጥላል።

2ኛ) ፈንገስ ከሆነ፣ የትኛው ፈንገስ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃን ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለው ነው። ይህ በተለመዱት መድኃኒቶች፣ ማለትም በክሎትሪማዞል ክሬምና በብልት በሚገባ ክኒን፣ ወይም አንድ ጊዜ በሚዋጥ 150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል በአብዛኛው ይድናል። ካንዲዳ ግላብራታ የሚባለው ዘመዱ ግን በፍሉኮናዞል በቀላሉ አይሸነፍም። ካንዲዳ ክሩሴይ የሚባለው ደግሞ ከተፈጥሮው ፍሉኮናዞልን የሚቋቋም ነው። እነዚህን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

3ኛ) መድኃኒቱ ይሠራል፣ ግን ለምን ይመለሳል?

መድኃኒቱ ሠርቶ ተመልሶ መምጣትና መድኃኒቱ ጭራሽ አለመሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል በአንድ ዓመት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ «ተመላላሽ» ይለዋል፤ በእንግሊዝ 4 ጊዜ ሲሆን ነው። የሚመላለስበት ምክንያት በቂ ቁጥጥር የሌለው ስኳር በሽታ፣ ተደጋጋሚ አንቲባዮቲክ፣ እርግዝና፣ ኤስትሮጅን ያለበት መድኃኒት፣ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ሕመም ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ አንዳንድ የስኳር በሽታ ክኒኖችም ያመጡታል። በብዙ ሴቶች ላይ ግን ምንም ግልጽ ምክንያት አይገኝም። ያ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም።

ፈንገስ መድኃኒትን የሚላመደው እንዴት ነው?

ፍሉኮናዞል ፈንገሱን የሚያጠቃው የሽፋኑን መሥሪያ በመከልከል ነው። ፈንገሱ ሽፋኑን የሚሠራው ኤርጎስቴሮል ከሚባል ቅባት ነው፤ መድኃኒቱ ይህን ቅባት የሚያመርተውን ኢንዛይም ይዘጋዋል።

ፈንገሱም ዝም አይልም። አንዱ ዘዴው ኢንዛይሙን መቀየር ነው። መድኃኒቱን እንደ ቁልፍ፣ ኢንዛይሙን እንደ ጓጉንቸር ብናስበው፣ ቁልፉ ያው ነው፤ ጓጉንቸሩ ግን ተቀይሯል። ሁለተኛው ዘዴው የገባበትን መድኃኒት በፓምፕ እየገፋ ማስወጣት ነው። ሦስተኛው ተሰባስቦ መድኃኒት በቀላሉ በማይዘልቀው ሽፋን ውስጥ መደበቅ ነው።

ይህ እንዲሆን የሚረዳው ምንድን ነው? በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ፣ ያለ ምርመራ መድኃኒቱን መውሰድ። ደካሞቹ ይሞታሉ፤ የሚቋቋሙት ይቀራሉና ይባዛሉ። ፍሉኮናዞልን ለረጅም ጊዜ ደጋግመው በወሰዱ ሴቶች ላይ፣ የተለመደው አልቢካንስ ራሱ መድኃኒቱን ሲቋቋም ታይቷል። ክሬሙን ለሰባት ቀን ታዝዞ በሦስተኛው ቀን ማቋረጥም ሌላው ስሕተት ነው። ማሳከኩ ስለቆመ ፈንገሱ አልቋል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ማኅበረሰብ አንድ ልማድ ማንሳት አለብኝ። ከአገር ቤት ወይም ከዓረብ አገር የሚመጣ ሻንጣ መድኃኒት ሳይዝ አይመጣም። አክስት የላከችው ክሬም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥና ለሁሉም ይታደላል። አንዳንዶቹ ክሬሞች የፈንገስ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክና ጠንካራ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ስቴሮይዱ ማሳከኩን በአንድ ቀን ስለሚያጠፋው «ይሄማ ፍቱን ነው» ያሰኛል። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ሕመሙን ይሸፍናል፣ ፈንገሱንም እንዲባዛ ሊረዳው ይችላል። ላኪዋ በፍቅር ነው የላከችው፤ አላህ ይመንዳት። አንቺ ግን ጀርባውን አንብቢ፣ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ አሳይ።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ብዙ እህቶች የሚፈሩት ይህንን ነው። ሐኪሙ ወይም ነርሷ መጀመሪያ ይጠይቁሻል። ከዚያ ጫፉ ጥጥ ባለው ቀጭን ዘንግ ናሙና ይወሰዳል። በብዙ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብተሽ ራስሽ እንድትወስጂው ይፈቅዳሉ፤ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ላላገባች ልጅ ናሙናው ከመግቢያው አካባቢ ብቻ ሊወሰድ ይችላል። «አላገባሁም፣ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ አልፈልግም» ማለት ትችያለሽ፤ ያንቺ ፈቃድ ሳይኖር ማንም ምንም ማድረግ አይችልም።

ሴት ሐኪም የመጠየቅ ሙሉ መብት አለሽ፤ ቀጠሮ ስትይዢ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሴት ባትገኝ፣ ለሕክምና አስፈላጊ በሆነው ልክ ብቻ በወንድ ሐኪም መታየትን ዑለማዎች ይፈቅዳሉ። በዚህ ጊዜም ሌላ ሴት አብራሽ ክፍሉ ውስጥ እንድትቆም ጠይቂ።

በራስሽ ቋንቋ እንዲህ በያቸው፦ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ጊዜ ተመላልሶብኛል። እነዚህን መድኃኒቶች ወስጃለሁ። ናሙናው ለካልቸር እንዲላክልኝ፣ የፈንገሱ ዓይነት እንዲለይልኝና የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ።» የወሰድሻቸውን መድኃኒቶች ከነቀናቸው ስልክሽ ላይ መዝግበሽ ሂጂ። ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ክሬም አትቀቢ፤ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። የደም ስኳር ምርመራም አብሮ እንዲደረግልሽ ጠይቂ።

ሕክምናው

ከዚህ በታች የምጽፈው ሐኪምሽ የሚልሽን እንድትረጂ ነው እንጂ ራስሽ እንድትጀምሪው አይደለም።

ፈንገሱ አልቢካንስ ሆኖ ተመላላሽ ከሆነ፦ የተለመደው መንገድ ፍሉኮናዞልን በየሦስት ቀኑ ለሦስት ጊዜ፣ ከዚያም በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ወር መውሰድ ነው። ብዙዎች በእነዚህ ስድስት ወራት እፎይታ ያገኛሉ። ሕክምናው ሲቆም ግን ከ30 እስከ 50 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይመለሳል። ይህን ቀድመሽ ካወቅሽ ተስፋ አትቆርጪም።

ግላብራታ ወይም ሌላ የሚቋቋም ዓይነት ከሆነ፦ ከፍሉኮናዞል ውጭ የሆነ የፈንገስ መድኃኒት ከ7 እስከ 14 ቀን ይታዘዛል። ካልሆነ ኒስታቲን የሚባል በብልት የሚገባ መድኃኒት ለ14 ቀን፣ ወይም 600 ሚሊግራም ቦሪክ አሲድ በካፕሱል በብልት ውስጥ በየምሽቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይሰጣል። ቦሪክ አሲድ በዚህ መንገድ ከተጠቀሙበት ሴቶች 70 በመቶ ያህሉን ይረዳል። ነገር ግን ልብ በይ፦ ከተዋጠ መርዝ ነው፣ ሊገድል ይችላል። ሕፃናት ከሚደርሱበት ቦታ አርቂው። ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም።

አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኢብሬክሳፈንገርፕ፣ በ2022 ደግሞ ኦቴሴኮናዞል በአሜሪካ ፈቃድ አግኝተዋል። የመጀመሪያው በእርግዝና ጊዜ የተከለከለ ነው። ሁለተኛው የተፈቀደው ማርገዝ ለማይችሉ ሴቶች ብቻ ነው፤ በሆድ ያለን ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችልና በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ። ስለዚህ በኢንተርኔት «አዲስ መድኃኒት መጣ» የሚል ስታዪ አትቸኩዪ።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ልትሆኚ ትችያለሽ ብለሽ ካሰብሽ የሚዋጠውን ፍሉኮናዞል አትውሰጂ፤ ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው በብልት የሚገባው ዓይነት ለ7 ቀን ነው። ሌላ የዘወትር መድኃኒት ካለሽም ፍሉኮናዞል ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ አስቀድመሽ ተናገሪ። ላገቡ እህቶች፦ ባል ምልክት ከሌለበት መታከም አያስፈልገውም።

ስለ ጄላቲን ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ፍሉኮናዞል በእንግሊዝ አገር ብዙውን ጊዜ በካፕሱል፣ በአሜሪካ ደግሞ በታብሌት ነው የሚሸጠው። በፈሳሽ መልክም አለ። ከዕፅዋት የተሠራ ካፕሱል ወይም ሌላ መልክ እንዳለ የፋርማሲ ባለሙያውን ጠይቂ፤ ከሌለ ደግሞ የምታምኚውን ዓሊም አማክሪ። በራስሽ ሕክምናውን አቋርጠሽ አትሠቃዪ።

ጦሃራ ማለት ቆዳን መፋቅ አይደለም

እኛ ከሌላው ሰው ይልቅ በውኃ የምንጠቀም ሕዝብ ነን፤ ይህ ኒዕማ ነው። ግን ኢስቲንጃ በሳሙና መፋቅ አይደለም። ብልት ራሱን በራሱ የሚያጸዳ አካል ነው፤ ውስጡ አሲዳማ ሆኖ የሚጠብቁት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉት። በሳሙና፣ በፀረ ጀርም ፈሳሽ ወይም በሽቶ ስታጥቢው ጠባቂዎቹን ታባርሪያቸዋለሽ። ለጉስልም ቢሆን ውስጡን ማጠብ አይጠበቅብሽም። ውጩን በንጹሕ ለብ ባለ ውኃ፣ ከፊት ወደ ኋላ ማጠብና ቀስ አድርጎ ማድረቅ ይበቃል። ከኢስቲንጃ በኋላ ሳትደርቂ መልበስ እርጥበቱን ያቆየዋል።

የጥጥ የውስጥ ልብስ ልበሺ፤ ከስፖርት በኋላ ላብ ያለበትን ልብስ ቶሎ ቀይሪ። ማሳከክ ባለበት ጊዜ ወይባም ሆነ ዕጣን እዚያ ቦታ አትሙቂ፤ የተቆጣ ቆዳ ጭስ አይፈልግም። ነጭ ሽንኩርት ማስገባት ያቃጥላል። እርጎ ለምግብ ጥሩ ነው፤ በብልት ቢቀባ ፈንገስን እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። ጥቁር አዝሙድን በተመለከተ የመጣውን ሐዲስ እናምናለን፤ ብዪው፣ በሻይም ጠጪው። ዘይቱን ግን በተቆሰለ ቦታ ላይ አታፍስሺ።

ሶላትና ፆም

በፈንገስ ምክንያት የሚመጣ ፈሳሽ ሐይድ አይደለም። ሶላት አያስተውም፣ ፆም አያስፈታም፣ ጉስልም አያስገድድም። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) እንዳወሩት፣ ከሐይድ ከጠሩ በኋላ የሚያዩትን ቢጫማ ወይም ደፍረስ ያለ ፈሳሽ ሶሐቢያት እንደ ሐይድ አይቆጥሩትም ነበር።

ውዱእን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ውዱእ እንደሚያፈርስ ይናገራሉ። ፈሳሹ የማያቋርጥ ከሆነ ግን ሸሪዓው ያገራልሻል፤ ሑክምሽ ኢስቲሓዷ እንዳለባት ሴት ነው። ወቅቱ ሲገባ ታጠቢና ንጹሕ ሞዴስ አድርጊ፣ ውዱእ አድርጊና ስገጂ። በሶላት መሐል የሚወጣው አይጎዳሽም። በሻፊዒይ መዝሀብ ለእያንዳንዱ ፈርድ ሶላት፣ በሐነፊይ መዝሀብ ለእያንዳንዱ የሶላት ወቅት ውዱእ ይደረጋል። ዝርዝሩን የምትማሪበትን ኡስታዛ ጠይቂ። ዋናው ነገር፣ ወስዋስ ሶላትሽን እንዲነጥቅሽ አትፍቀጂ። ለእያንዳንዱ ጠብታ እየተነሱ በቀን አሥር ጊዜ መታጠብ ዲን አላዘዘም፤ ሕመሙንም ያብሰዋል።

በረመዳን የሚዋጠውን መድኃኒት ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሑር ውሰጂ። በብልት የሚገባውን በተመለከተ በቀደምት ዑለማዎች መካከል ልዩነት አለ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ፆም እንደማያስፈታ ወስኗል። ይህ መድኃኒት ግን ቀድሞውኑ የሚደረገው ከመኝታ በፊት ስለሆነ በሌሊት መጠቀም ከልዩነቱም ያወጣሻል።

መቼ ሳልዘገይ ልሂድ?

• ዕድሜሽ ከ16 ዓመት በታች ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ወይም ስኳር በሽታ ካለብሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን።
• መድኃኒት ጀምረሽ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ካልተሻለሽ።
• በስድስት ወር ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ ከተመለሰብሽ።
• ትኩሳት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ቁስል፣ ያልተለመደ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ካለ። እነዚህ የፈንገስ ምልክቶች አይደሉም።

ለእናትሽ እንዴት ትነግሪያታለሽ?

እኔ ለእናቴ የነገርኳት ከዳንኩ በኋላ ነው። ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሁሉንም አወራኋት። ቢላዋውን አስቀመጠችና ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ልጄ፣ እኔም እኮ አንቺን አርግዤ ሳለሁ ስድስት ወር አሳክኮኛል። ለማን ልንገር?» አለችኝ። እሷም በሰው አገር፣ ቋንቋ ሳትችል፣ ብቻዋን ነበረች። ሁለታችንም ያንኑ ነገር በተለያየ ዘመን ደብቀነው ኖረናል።

ስለዚህ ብዙ ቃል አያስፈልግሽም። «እማዬ፣ ብልቴ አካባቢ ያሳክከኛል፤ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ጋ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» ይበቃል። ከከበደሽ ይህን ጽሑፍ ላኪላት። እናት ከሌለች ወይም ነገሩ ካልተመቸ፣ ታላቅ እህት፣ አክስት ወይም ኡስታዛ አለች። ወንድሞችም ይህን ካነበባችሁ፣ እህታችሁ ወይም ባለቤታችሁ «ሐኪም ጋ አድርሰኝ» ስትል ለምን ብላችሁ አታስጨንቁ፤ መኪናውን አስነሡ።

አንቺም በሚቀጥለው ጊዜ ከሐለቃ በኋላ ጫማ መደርደሪያው ጋ ልትጠይቂኝ ብትመጪ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ የምጠይቅሽ ግን ያቺ ነርስ የጠየቀችኝን ነው፦ «ናሙና ተወስዶልሻል?»

አላህ የታመሙትን ሁሉ በማያገረሽ ፈውስ ይፈውስልን። ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። በትክክል ከጻፍኩ ከአላህ ነው፤ ከተሳሳትኩ ከራሴና ከሸይጧን ነው። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ